በተረኞቹ መካከል የጠራሁት ስም

አንድ ቃል ተሳስቼ ተርጉሜያለሁ።

ስህተቱ ታትሟል። የደሴታችንን አሮጌ ቋንቋ ቃላት ከነፍቺያቸው የሰበሰብኩበት፣ መቶ አርባ ገጽ የማይሞላ መዝገበ ቃላት አለኝ። በስልሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ተረኞች፤ በአሸዋ ውስጥ ጎድጉዶ የሚኖር፣ እባብ የሚመስል ቀጭን ዓሣ። ስሙን ያገኘው ሰልፍ እንደያዘ ሰው ተደርድሮ ስለሚታይ ነው።»

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ትክክል ነው።

ሁለተኛው ስህተት ነው... ስህተት መሆኑን ያወቅሁበትን መንገድ ግን በመጽሐፍ እርማት ላይ ማስፈር አልተቻለኝም። ስለዚህ እዚህ፣ ለእናንተ፣ እጽፈዋለሁ።

የምተርከው የሆነ ነገር ነው። የሆነውም ከስምንት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ልትደርስ ስትል፣ ባሕሩ ነፋስ አጥቶ በተኛበት ሰዓት ነው። ጨለማን ሰበብ ማድረግ አልችልም። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ዜንኮ የምንተዳደረው በሞዙኩ ነው። ሞዙኩ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የሚያሟልጭ ቡናማ የባሕር ሣር ነው፤ ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ መረብ ይበቅላል፤ በጸደይ ይታጨዳል። አጫጁ ጠላቂ ነው። ከጀልባዋ ኮምፕሬሰር በሚወርድለት ረጅም ቱቦ እየተነፈሰ፣ ሣሩን በፓምፑ አፍ ያስመጥጣል። ሌላው ሰው ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ ቱቦውን ይጠብቃል።

ቱቦው መተንፈሻ ብቻ አይደለም፤ መነጋገሪያም ነው። አንድ ጊዜ ከተሳበ «ልቀቅልኝ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከተሳበ «ደህና ነኝ»። ሦስት ጊዜ ከተሳበ...

«አውጣኝ» ማለት ነው።

ዜንኮ ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ እኔ አርባ አራት። በዋናው ደሴት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቋንቋ አስተምሬ፣ አባታችን ሲሞት የተመለስኩ ሰው ነኝ። እሱ ግን ከባሕሩ ተለይቶ አያውቅም። «ጋሼ» ይለኛል፤ ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ «መምህር ጋሼ»። መጽሐፍ ይዤ ጀልባዋ ላይ ስወጣ፣ ዓሦቹ ፈተና ይሰጠናል ብለው መደበቃቸውን ይነግረኛል።

ከመረቦቻችን ወዲያ የባሕሩ ወለል ያዘቀዝቃል። በአሥራ አንድ ሜትር ላይ ሰፊ የነጭ አሸዋ ሜዳ አለ፤ ተረኞቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። በሺህ ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ የጣት ውፍረት አለው፤ በነጭ ገላው ላይ ጥቁር ቀለም የተረጨበት ይመስላል። ግማሽ አካሉ በጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ከአሸዋው በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁሉም ፊታቸውን ውኃው ወደሚፈስበት አቅጣጫ ሳይሆን ወደሚመጣበት አዙረው፣ ፍሰቱ የሚያመጣላቸውን ብናኝ እየለቀሙ ይወዛወዛሉ።

የሰው ጥላ ሲያርፍባቸው ግን... ይሰምጣሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ። ሜዳው ባዶ ይሆናል።

ይህን ልብ በሉልኝ። ሰው ሲቀርብ ይሸሻሉ። ሁልጊዜ።

በዚያ ረፋድ አንዱ መረብ ከካስማው ተነቅሎ ወደ ተረኞቹ ሜዳ ተንሸራቶ ነበር። ዜንኮ ሊያመጣው ወረደ። እኔ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጥኩና መጽሐፌን ገለጥኩ።

ሞተሩን ከኮምፕሬሰሩ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ተንሸራተተ። ሞተሩ አልጠፋም፤ እንደ ወትሮው ይንደቀደቃል፤ ነገር ግን አየር አይገፋም ነበር። ቱቦው ከእግሬ ሥር ነበር... አዎ፣ ተንቀሳቅሷል። አንድ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ነካ እንዳደረገኝ አስታውሳለሁ።

ገጽ ገለጥኩ።

ቀና ስል በባሕሩ ላይ አንድም አረፋ አልነበረም።

ጎትቼ አወጣሁት። ይተነፍሳል። ዓይኖቹ ተከፍተዋል። በጀልባዋ ወለል ላይ እንደተንጋለለ ሰማዩን ይመለከታል... እኔ በሰማዩና በእሱ መካከል ጎንበስ ብዬ ስሙን ስጠራ እንኳ የሚያየው ሰማዩን ነበር።

በጤና ጣቢያው ያለው ሐኪም ሳንባውንም ልቡንም መርምሮ አንዳች ጉዳት አጣበት። ድንጋጤ ነው፤ ይለቀዋል አለ። አልለቀቀውም። ሁለት ቀን ባስቀመጥነው ቦታ ተቀመጠ። ሚስቱ ሚትሱዮ ያጎረሰችው ከአፉ ዳር ተመልሶ ይፈስ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እማማ ኡሺ ከአጥሩ ማዶ መጡ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነበር። የደሴቲቱን ቋንቋ ከሌላ ሳይቀላቅሉ የሚናገሩ የመጨረሻዋ ሰው ነበሩ፤ የመዝገበ ቃላቴ ግማሽ ከአፋቸው የወጣ ነው። የዜንኮን አገጭ ቀና አድርገው ዓይኑን ተመለከቱ።

«ሰውየው እዚህ የለም» አሉ። «ነፍሱን ጥሏል።»

በእኛ ዘንድ የደነገጠ ሰው ነፍስ፣ ቁልፍ ከኪስ እንደሚወድቅ፣ ትወድቃለች። ወድቃ አትጠፋም፤ ትለቀማለች። ሰው ወደ ወደቀችበት ቦታ ሄዶ ሦስት ድንጋይ ያነሳል፤ ስሟን ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ድንጋዮቹን በሰውየው ራስጌ ያኖራል። ይህን ሥርዓት መዝግቤዋለሁ። መዝግቤው ስለነበር የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ነፍስ የትምህርት ቤት ስም አታውቅም። የምትሰማው የልጅነት ስሟን ነው። በደሴታችን የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ታሩ ይባላል፤ ሁለተኛው ጂራ። እኔ ታሩ ነኝ። ዜንኮ ጂራ ነው።

«የቤታችሁን ስም አስቀድም» አሉኝ እማማ ኡሺ። «'የላይኛው ጉድጓድ ቤት ጂራ' ብለህ ነው። ሙሉውን። ሰማህ ታሩ?»

«ሰምቻለሁ እማማ።»

«ስትጽፍ ትሰማለህ። ሳትጽፍ እንጃልህ።»

በማግስቱ ወረድኩ። ሚትሱዮ ቱቦውን ያዘች። ጥላዬ ሜዳው ላይ ሲያርፍ ተረኞቹ እንደ ልማዳቸው ሰመጡ፤ ባዶ አሸዋ ቀረ። መረቡ ወድቆ ከነበረበት ስፍራ ሦስት ነጫጭ ድንጋዮች አነሳሁ።

ከዚያም አፈርኩ።

ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ለአሸዋ ልናገር ነው። የቤታችን ስም ረጅም ነው፤ ጥርሶቼ መተንፈሻውን ላስቲክ ነክሰዋል። ላስቲኩን አውጥቶ ውኃ ውስጥ መናገር ደግሞ የእብድ ሥራ መሰለኝ። ስለዚህ በላስቲኩ ውስጥ፣ በጉሮሮዬ፣ አጭሩን አልኩ።

ጂራ...

አንድ ተረኛ ብቅ አለ። ከዚያ አሥር። ከዚያ መቶ።

ጂራ...

እስከ ወገባቸው ወጡ። ጥላዬ በላያቸው ላይ ነበር። አልሸሹም።

ጂራ።

ሁሉም ዞሩ። ጀርባቸውን ለፍሰቱ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ...

ፍሰቱ ተቀይሮ ይሆናል ብዬ ወጣሁ። ጀልባዋ በመልሕቅ ገመዷ ላይ ፊቷን ያዞረችው ግን ስወርድ ወደነበረችበት አቅጣጫ ነበር። ፍሰቱ አልተቀየረም። ይህን አየሁ፤ ለሚትሱዮ አልነገርኳትም።

ድንጋዮቹን በራስጌው አኖርን። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ዜንኮ ተነስቶ ተቀመጠና ራበኝ አለ።

ሚትሱዮ ሽርጧን ፊቷ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ነጭ ሩዝና የአሳማ ወጥ አቀረበች። እሱ ሩዙን ተመለከተ።

«ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለ።

ሳቅን። የእሱ ቀልድ መሰለን። ሩዙን በአክብሮት ወደ ጎን አድርጎ፣ ለእማማ ኡሺ የተቀቀለውን ስኳር ድንች ከነልጣጩ በላ። ዜንኮ ከልጅነቱ ጀምሮ ስኳር ድንች ባፉ ዞሮ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ትንንሽ ነገሮች መጡ።

ጫማ አላደርግም አለ። የፒክአፑን ቁልፍ ስሰጠው መዳፉ ላይ አገላብጦ አየውና መልሶ ሰጠኝ። ጀልባዋን ሲያስር የቋጠረው ቋጠሮ አያታችን ይቋጥሩት የነበረውን ዓይነት ነበር፤ እኔ በፎቶግራፍ ብቻ የማውቀውን። አንድ ቀን ጠዋት ወፍ በግቢው ላይ ስታልፍ ጥላዋ ነካው... ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ መሬት ላይ ተለጠፈ። ዓይን ከመጨፈን በፈጠነ ፍጥነት።

አንድ ረፋድ ላይ ወደቡ ጫፍ ቆሞ አገኘሁት። ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ ነበር። አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋል። ይከፍታል፤ ይዘጋል። ከነፋሱ ውስጥ የሆነ ነገር እየለቀመ...

«ዜንኮ» አልኩ።

አልዞረም።

«ጂራ» አልኩ።

ዞረ። «ምን ፈለግህ፣ አንተ ልጅ?» አለኝ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ «አንተ ልጅ» ብሎኝ አያውቅም።

ሚትሱዮ ልብስ ስታሰጣ ከአንሶላው ጀርባ ጠራችኝ። ድምፅዋ እንዳይሰማ አፏን ወደ ጨርቁ አስጠግታ ነበር።

«ጋሼ... እኔን እርስዎ ይለኛል።»

«ምን?»

«ትናንት ምሳ ላይ፣ 'እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?' አለኝ። በትሕትና። አገር እንደሚጠይቅ እንግዳ።»

እኔ ወረቀት የማምን ሰው ነኝ። የባሕሩን መሙያና መሸሻ ሰዓት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ከግድግዳ አውርጄ፣ ወንድሜ በየሰዓቱ ወዴት ዞሮ እንደሚቀመጥ መመዝገብ ጀመርኩ። ባሕሩ ሲሞላ ወደ ምሥራቅ ነበር። ሲሸሽ ወደ ምዕራብ። መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ በመቀያየሪያው ደቂቃ ላይ ከነመቀመጫው ቀስ ብሎ ዞረ። አራት ቀን መዘገብኩ።

አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

በስምንተኛው ቀን እማማ ኡሺ ከጓሯቸው የቆረጡትን መራራ ቅል በሽርጣቸው ይዘው መጡ። ዜንኮ በረንዳው ላይ ባሕሩን ገጥሞ ተቀምጦ ነበር። እማማ ቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በአሮጌው ቋንቋ፣ ዜንኮ ፈጽሞ በማይችለው ቋንቋ፣ ጠየቁት።

«የየትኛው ቤት ጂራ ነህ?»

ዓይኑን ከባሕሩ ሳይነቅል፣ በዚያው ቋንቋ መለሰ።

«የዋርካው ቤት።»

ቅሉ ከሽርጣቸው ወደቀ፤ አንድ በአንድ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

የዋርካው ቤት የእማማ ኡሺ ቤት ነው። በዚያ ቤት ከእሳቸው በቀር ማንም አልቀረም። ሁለተኛው ወንድማቸው ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሲሰምጥ እሳቸው ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም።

ያን ጊዜ ያደረግሁት ገባኝ። በደሴታችን በሁለተኛነት የተወለደ ወንድ ሁሉ ጂራ ነው። በየቤቱ፣ በየትውልዱ። ባሕሩ የወሰዳቸው ደግሞ ስንት ናቸው? እኔ በዚያ ሜዳ ላይ ወንድሜን አልጠራሁም። ሁሉንም ነው የጠራሁት።

«አልነገርኩህም ወይ?» አሉኝ እማማ በሹክሹክታ። «መቃብር ያላገኙት እዚያ ነው የሚቆሙት። ስማቸው እስኪጠራ፣ በተራ። 'ተረኞች' ስልህ ምን መስሎህ ጻፍክ?»

«ሰልፍ... ሰልፍ ስለሚመስሉ...»

«ስለሚመስሉ!» አሉ።

ወንድሜ፣ ወይም በወንድሜ ገላ ውስጥ ያለው፣ ያን ጊዜ ተናገረ። ቁጣ አልነበረውም።

«ጠራኸኝ፤ መጣሁ። ተራዬ ነው። ከማንም አልሰረቅኩም።»

«ወንድሜስ?»

«ቆሟል።»

«የት?»

«በእኔ ቦታ።»

እማማ ኡሺ ቀሪውን ነገሩኝ፤ እየነገሩኝም ዓይናቸውን ከእሱ አላነሱም። ሙሉ ጨረቃ የምትጎትተው ታላቁ ሽሽት ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ባሕሩ ያን ያህል ሸሽቶ መልሶ ሲሞላ፣ የቆመች ነፍስ መቆሙን ትለምዳለች፤ ስሟ ቢጠራም አትሰማም። ከዚያ በፊት እነዚያው ሦስት ድንጋዮች ወደ ቦታቸው መመለስ አለባቸው።

ሚትሱዮን ከጓሮ ጠርቼ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። በራስጌው ምንም አልነበረም።

ስመለስ እማማ ኡሺ በረንዳው ላይ ከእሱ ጎን ተቀምጠዋል። የሽርጣቸው ኪስ ከብዶ ዘምሟል።

«እማማ... ይስጡኝ።»

«ነገ» አሉ።

ከዚያም ተነሡና እጁን ያዙት። የሰማንያ ስምንት ዓመቷ አሮጊት የሠላሳ አንድ ዓመቱን ወንድሜን፣ «ና፣ ጋሼ፣ ቤት እንሂድ» አሉት።

በማግስቱ የእማማ በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። እኔና ሚትሱዮ ከድንጋዩ አጥር ሥር ቆምን። ከውስጥ እሱ በአሮጌው ቋንቋ የሚያወራው ይሰማል፤ አንዲት ልጅ ትስቃለች። ልጅ አልነበረም። እማማ ኡሺ ነበሩ።

«በሩን እንስበረው?» አለች ሚትሱዮ። መዳፏ ውስጥ መዶሻ ነበር፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

ብንሰብረውስ? ድንጋዮቹን የት እንዳኖሯቸው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ አጥሩን ተደግፌ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ሚትሱዮ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች።

«እማማ፣ ሦስቴ ስቦኝ ነበር። ቱቦው እግሬን ነክቶኛል። እያነበብኩ ነበር... ገጹን ልጨርስ ብዬ ነው።»

ሚትሱዮ ወደ እኔ ዞረች። መዶሻው ከእጇ አልወደቀም፤ አላነሳችውም። እንደያዘችው ቆመች።

ከውስጥ ሳቁ ቆመ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ የእማማ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ፣ ከጆሮዬ አጠገብ መጣ። እኔ በቆምኩበት ትይዩ መቆማቸውን አላወቅሁም ነበር።

«እኔም ወንድሜ የሰጠመ ቀን አይቼው ነበር» አሉ። «ከባሕሩ ዳር ሆኜ። እጁን ከውኃው አወጣ። ሰላም ያለኝ መስሎኝ... እኔም እጄን አወዛወዝኩለት።»

የእግራቸው ኮቴ ከአጥሩ ራቀ።

በመጨረሻው ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እማማ ኡሺ ወደብ መጡ። ወንድሜን እጁን ይዘው፣ ፀጉሩን አበጥረው። ድንጋዮቹ በነጭ ጨርቅ ተቋጥረዋል። ባሕሩ ሸሽቶ ድንጋያማው ወለል ጀርባውን አውጥቷል። ሚትሱዮ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ቺንጋውን ሁለት ጊዜ በእጇ ፈተሸች። ሳታየኝ መተንፈሻውን አቀበለችኝ። ያ የሚገባኝ ነበር።

ወረድኩ።

ገና ከሩቅ አየኋቸው። ቆመው ነበር፤ በሙሉ ቁመታቸው፤ ከዚህ በፊት ካየኋቸው የረዘሙ። ጀርባቸውን ለፍሰቱ ሰጥተው ወደ እኔ ዞረዋል። በመካከላቸው ስወርድ አንዱም አልሰመጠም። ጎኔን ይነኩኛል... ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፣ በሕዝብ መሐል መንገድ ለሚሻ ሰው ትከሻቸውን ዘወር እንደሚያደርጉ ሰዎች ያህል ብቻ ፈቀቅ ይላሉ።

ድንጋዮቹን አኖርኩ። አየር ሳብኩ። ላስቲኩን ከአፌ አወጣሁ።

«የዋርካው ቤት ጂራ... ተመለስ።»

ድምፄ አረፋ ሆኖ ወጣ። ቃል ሆኖ እንደተሰማ አላውቅም። ከፊቴ ባዶ በነበረ ጉድጓድ ውስጥ ግን፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ራስ ብቅ አለ።

ሌሎች ሦስት ድንጋዮች ለቀምኩ። ደረቴ መቃጠል ጀምሯል።

«የላይኛው ጉድጓድ ቤት ጂራ... ና።»

ምንም።

«የላይኛው ጉድጓድ ቤት ጂራ...»

ቱቦው አሸዋው ላይ፣ በተረኞቹ መካከል ተጋድሞ ነበር። ጫፉ በእጄ ነው። ያን ጊዜ ተሳበ።

ከላይ አይደለም። ከአሸዋው በኩል።

አጭር... አጭር... ረጅም።

የዜንኮ አሳሳብ ነው። ሦስተኛውን ሁልጊዜ ያስረዝመዋል፤ መምህራን እስከ ሦስት መቁጠር ይከብዳቸዋል እያለ።

በቀረኝ ትንፋሽ ለሦስተኛ ጊዜ ስሙን ከነቤቱ ጠርቼ ቱቦውን ሳብኩ። ሦስት ጊዜ። ሚትሱዮ መጽሐፍ አልያዘችም ነበር፤ ወዲያው ጎተተችኝ።

ጀልባዋ ላይ ወንድሜ እንደተቀመጠ ነበር፤ እጁ በእማማ ኡሺ ሁለት እጆች መካከል ነው። ድንጋዮቹን ጭኑ ላይ አደረግሁለት። ባሕሩ መሙላት ጀመረ፤ ጀልባዋ በገመዷ ላይ ቀስ ብላ ዞረች። እሱ አልዞረም።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ... ቺንጋው ተንሸራቷል» አለ። «ሦስቴ ሳብኩህ እኮ። ምን እያደረግህ ነበር?»

«እያነበብኩ።»

ጭኑ ላይ ያሉትን ድንጋዮች ተመለከተ።

«ደህና መጽሐፍ በሆነ» አለ። ሚትሱዮ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ እጁን የያዙትን ሰው ልብ አለ። «እማማ ኡሺ፣ እርስዎ ደግሞ ጀልባ ላይ ምን ያደርጋሉ?» አለ፤ እንዳያስቀይማቸው ተጠንቅቆ እጁን ቀስ አድርጎ ወሰደ።

እማማ ለቀቁት። ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው አወዛወዙ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዘጠና ዓመታቸው አረፉ። ከዋርካው ቤት የቀረ ሰው ስላልነበረ ቀባሪያቸው እኔ ሆንኩ። በቀብሩ ቀን ረፋድ ወደ ሜዳው ወረድኩ፤ ሦስት ድንጋይ አነሳሁ፤ ወንድማቸውን በሙሉ ስሙ ጠራሁት። ባሕሩን በሚያየው፣ እንደ ትንሽ የድንጋይ ቤት በተሠራው የቤተሰባቸው መቃብር ውስጥ ድንጋዮቹን ከጎናቸው አኖርኩና በሩን ዘጋነው።

መልካም የሠራሁ መሰለኝ። ምናልባትም መልካም ነበር።

በየጸደዩ፣ በመቃብር በዓል፣ ግቢውን እጠርጋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከመቃብሩ በር ፊት ባለው ደረቅ አሸዋ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አገኘሁ። ክብ፣ የጣት ውፍረት ያላቸው፣ ጎን ለጎን። የሸርጣን አይደሉም፤ ሸርጣን የቆፈረውን አሸዋ ደጁ ላይ ይከምራል። ሳልነካቸው ዙሪያቸውን ጠረግሁ። በየዓመቱ ሁለት ነበሩ፤ እነማን እንደሆኑ አውቅ ስለነበር አልፈራሁም።

ዘንድሮ ከኋላቸው ሦስተኛ ነበር።

አራተኛ... አምስተኛ... መቁጠሩን የተውኩት ከግቢው ከወጣሁ በኋላ ነው። በእኩል ርቀት፣ በአንድ መስመር፣ ከመቃብሩ በር ተነስተው ቁልቁለቱን ወርደው፣ ደረቁን ዳርቻ አቋርጠው፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ይሄዳሉ። ሌሎቹም መንገድ እንዳለ አውቀዋል።

በመጨረሻው ቀዳዳ ውስጥ ውኃ ነበር። ጎንበስ ስል ጥላዬ አረፈበት።

በውስጡ ያለው አልሸሸም።

ከሁለት ወር በፊት ለዜንኮና ለሚትሱዮ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ተወልዶላቸዋል። በሥርዓታችን የልጅነት ስሙ ጂራ መሆን ነበረበት፤ የሚወጣለትም በዚያው በበዓሉ ቀን ማምሻ ነበር። ወደ ቤት ተመልሼ ያየሁትን ለወንድሜ ነገርኩት። አልቀለደም።

ለሕፃኑ ሌላ ስም አወጣንለት።